የትምህርት ወገብ፤ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ከአዲስ አበባ እስከ ጌጫ

ስለ ሀገራችን ዘመናዊ ትምህርት አጀማመርና እድገት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ሁለት ጫፎች ናቸው። አንደኛው ጫፍ ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተርና እርሳስ የሚጨብጥበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ምሁሩ ካባ ደርቦ የሚመረቅበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በእነዚህ መካከል የሚገኙት ሁለት ዓመታት፣ ማለትም ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ ከጥቂት መስመር የማይበልጥ ቦታ ይሰጣቸዋል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ሸክሙን የሚችለው በወገቡ እንደ ሆነ ሁሉ የአንድ ሀገር የትምህርት ሥርዓትም ጥንካሬው የሚለካው በዚሁ መካከለኛ ስፍራ ነው። ወገቡ የቀጠነ ሥርዓት ራሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ እግሩ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም።

ይህ እርከን በየዘመኑ ስሙ ሲለዋወጥ ኖሯል። በንጉሠ ነገሥቱና በደርግ ዘመን “መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ” ይባል ነበር። ከ1986 ዓ.ም. በኋላ ራሱን የቻለ ስም አጥቶ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት “ሁለተኛ ዙር” አካል ሆነ። በቅርቡ ደግሞ “መካከለኛ ደረጃ” ተብሎ ስሙን መልሶ አግኝቷል። ስሙ በተለዋወጠ ቁጥር ግን ሳይለወጥ የቆየ ጥያቄ አለ፤ እርሱም “ስድስተኛን የጨረሰ የገጠር ልጅ ሰባተኛን ወዴት ሄዶ፣ በምን ቋንቋ፣ በማን ወጪ ይማር?” የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማየትና ከጌጫ ሆኖ ማየት አንድ አይደለም። ጌጫ በአሁኑ አከፋፈል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን በተከበበ ደጋ ትገኛለች። ዙሪያዋ እንሰትና ማር ነው፤ ቁልቁል ወደ ቴፒ ሲወርዱ ደግሞ አገሩ ሁሉ ቡና ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አካባቢው ሞቻ አውራጃ ተብሎ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ይተዳደር ነበር። ሕዝቡ ራሱን ሸኬቾ፣ ቋንቋውን ሸክኖኖ ይለዋል። የመካከለኛው ትምህርት ታሪክ ከነድካሙና ከነውጤቱ ተገልጦ የሚታየው እንዲህ ካለው ስፍራ ሲመለከቱት ነው።

ግቢ ማቋረጥና አገር ማቋረጥ

እንደሚታወቀው በመንግሥት የተቋቋመው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ የትምህርቱም ዋና ዓላማ ከውጭ መንግሥታት ጋር መነጋገር የሚችሉ ቋንቋ አዋቂዎችን ማፍራት ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከዚያም እንደ ሐረር፣ ደሴና ነቀምቴ ባሉ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በዚያ ዘመን እርከኑ ዛሬ በምናውቀው መልክ የተለየ አልነበረም። ልጁ የሚችለውን ያህል ይማራል፤ ከዚያም ወይ ወደ መንግሥት ሥራ ይገባል፣ ወይም ዕድል የገጠመው ወደ ውጭ አገር ይላካል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ይህን ጅምር ቆረጠው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ገሚሶቹም ለወራሪው አገልግሎት ዋሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላም ቁጥሩ ቀድሞውንም አነስተኛ የነበረው የተማረ ወጣት እየታደነ ተገደለ። ስለዚህ ከነፃነት በኋላ የተጀመረው ሥራ ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ የተጀመረ ነበር ማለት ይቻላል። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ጎበዝ ተማሪዎች ይማሩባቸው ነበር።

የዚያን ጊዜውን ሥርዓት ቅርጽ ለመረዳት አንድ አኃዝ ይበቃል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 በመላ ሀገሪቱ የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 400 ያህል ሲሆኑ ሁለተኛ ደረጃዎቹ 11 ብቻ ነበሩ። የተማሪው ጠቅላላ ቁጥርም ወደ 60,000 ይጠጋ ነበር። 400 በር ተከፍቶ 11 በር ብቻ በሚያስወጣበት ቤት ውስጥ መሀል ላይ የሚታጨቀው ሕዝብ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በአዲስ አበባ ይህ መጨናነቅ ያን ያህል አልጎላም። እንደ ዳግማዊ ምኒልክና ተፈሪ መኮንን ባሉት ትምህርት ቤቶች ታችኛውም ላይኛውም ክፍል በአንድ አጥር ውስጥ ስለነበረ ስድስተኛን ያለፈ ልጅ ሰባተኛ ለመግባት ግቢውን ከማቋረጥ ያለፈ ድካም አልነበረበትም። ማታ የእናቱን እንጀራ በልቶ በራሱ አልጋ ይተኛል። በጌጫ ዙሪያ ካሉት የደን መንደሮች የወጣ ልጅ ግን ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ልግፋ ካለ ወደ ማሻ፣ ከዚያም ወደ ጎሬ ወይም ወደ ጅማ ማሰብ ነበረበት። ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ ዝናብ፣ ጉልበት የሚውጥ ጭቃና ድልድይ የሌለው ወንዝ ከፊቱ ነበሩ።

በዚህ ረገድ የሀገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቀደምት አርአያ ነበረው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ ቤት ርቆ እየለመነ ይማር ነበር። ዘመናዊው የሰባተኛ ክፍል ተማሪም ሳይታወቀው ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በየአውራጃው ከተማ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት በተላከ ስንቅ ሳምንቱን የሚገፉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት የሰዓታት መንገድ የሚመላለሱ ወጣቶች የሀገሪቱ የተለመደ ገጽታ ሆኑ። የቆሎ ተማሪውን ግን ሕዝቡ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል ይመጸውተው ነበር፤ የሰባተኛ ክፍሉን ተማሪ የኪራይ ዕዳ የሚሸከመው ወላጁ ብቻ ነበር።

የዚህ ርቀት ዋጋ ከሁሉ የከበደው በልጃገረዶች ላይ ነው። ወንድ ልጁን በሰው ከተማ ለማሳደር የደፈረ አባት ሴት ልጁን ለመላክ አልደፈረም። በመሆኑም በአንደኛ ደረጃ ከወንዶቹ ጋር የተቀመጡት ጥቂት ልጃገረዶች ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ከመዝገቡ ይጠፉ ነበር። አእምሯቸው ሳይደክም ትምህርታቸውን ያቋረጠባቸው የመንገዱ ርዝመትና የጋብቻው ጥድፊያ ነው።

ግብሩ ከገጠር፣ ክፍሉ በከተማ

በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለ የትምህርት ግብር ታወጀ። ግብሩ የታሰበው ለገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የመሬት ሥሪቱ ባልተለወጠበት አገር የግብሩ ሸክም በአብዛኛው ወደ ጭሰኛው ጫንቃ መውረዱ አልቀረም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ይበልጥ ይሰማ ነበር። ገበሬው ለትምህርት ከፈለ፤ ለልጁ ቢበዛ የደረሰው የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትምህርት ነው። ከዚያ በላይ ያለው እርከን በመንግሥት ግምጃ ቤት ወጪ በከተማ ይቆም ስለነበር፣ ከከተማው ነዋሪ በቀር ሌላው በቀላሉ ሊደርስበት አልቻለም።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ልማት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ጉባኤው ለአስተናጋጇ አገር የማያስደስት መስታወት ሆነ። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስርጭት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ግርጌ ላይ መገኘቷ በአደባባይ ታየ። ጥንታዊ ፊደልና የሺህ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያላት አገር ገና ከቅኝ አገዛዝ በወጡ አገሮች መቀደሟ ብዙዎችን አሳፈረ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሮች የተፋጠኑት። ቀድሞ ስምንት ዓመት የነበረው አንደኛ ደረጃ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ለሁለት ተከፍሎ የስድስት፣ የሁለትና የአራት ዓመት አደረጃጀት ጸና። “መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ” የሚለው ስምም በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ተጻፈ። መለስተኛ ማለት ሞላ ያላለ፣ ገና ወደ ሙሉው የሚያመራ ማለት ነውና ስያሜው የእርከኑን ጠባይ በሚገባ ይገልጻል።

የመምህር እጥረት ግን አልተቃለለም። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተሠማሩ። ከሕንድ የመጡ መምህራንም ሒሳብና ሳይንስ በማስተማር ረገድ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመለስተኛና በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። በዚህ አገልግሎት የተማረው ተማሪው ብቻ አልነበረም። ከመጻሕፍት በቀር የገጠሩን ኑሮ የማያውቀው ወጣት ምሁር የጭሰኛውን ሕይወት በዓይኑ ያየው፣ ባዶ እግሩን ሦስት ሰዓት ተጉዞ ክፍል የሚገባውን ልጅ በስሙ የጠራው በዚያን ጊዜ ነው። በተማሪው እንቅስቃሴ ውስጥ የተሰማው የመሬት ጥያቄ ከዚህ ልምድ ኃይል አግኝቷል።

ሦስተኛው ቋንቋ

የሰባተኛ ክፍል ደፍ ሌላም ምስጢር ነበረው። በ1956 ዓ.ም. ከተሠራበት ሥርዓተ ትምህርት ወዲህ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ ያለው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተወሰነ። እርምጃው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከውጭ ቋንቋ ሸክም ማላቀቁ በጎ ጎኑ ነው፤ ሸክሙን ግን ጠቅልሎ ሰባተኛ ክፍል ላይ አወረደው። ትናንት “መሬት” ያለውን ዛሬ በባዕድ ቃል የሚጠራ፣ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ጂኦግራፊውን ሁሉ በአንድ ክረምት ልዩነት በእንግሊዝኛ የሚቀበል የ13 ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚደናገር የታወቀ ነው።

ይህ አማርኛ አፉን ለፈታበት ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ ነበር። በሸክኖኖ አፉን ለፈታው የጌጫ ልጅ ግን ሦስተኛ ነው። አንደኛ ክፍል ሲገባ የእናቱን ቋንቋ ከአጥሩ ውጭ ትቶ አማርኛን ተማረ። በስድስት ዓመት ልፋት አማርኛን የራሱ ሊያደርግ ሲቃረብ እርሱንም ትቶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲሻገር ታዘዘ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ ስምንተኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት የጨረሰ የደቡብ ምዕራብ ተማሪ ቢገኝ፣ ከአዲስ አበባው እኩያው ጋር በአንድ ሚዛን ሲቀመጥ ያለፈበት መንገድ በሚዛኑ ላይ አይታይም ነበር።

ሚዛኑ ደግሞ አንድ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ጠቅላላ ፈተና። ፈተናው ከማዕከል፣ ከትምህርት ሚኒስቴር ስለሚመጣ ሕዝቡ “ሚኒስትሪ” የሚል ስም አወጣለት። “ሚኒስትሪ ወደቀ”፣ “ሚኒስትሪ አለፈ” የሚለው አነጋገር በሠርግና በለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚሰማ ሆነ። በ1940ዎቹ ስምንተኛን ያለፈ ወጣት የተከበረ ሰው ነበር፤ ጸሐፊ፣ ድሬሰር፣ መምህር ለመሆን ይበቃል። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን ይቀበል የነበረው ከስምንተኛ ክፍል ጨራሾች መካከል ነው። በ1960ዎቹ ግን የወረቀቱ ዋጋ እያነሰ ሄደ። ስምንተኛን የጨረሰው በዛ፣ ዘጠነኛ ክፍል የሚቀበለው ወንበር አነሰ፣ የመንግሥት ሥራም ጠበበ። ሚኒስትሪ የወደቀው ወጣት የአባቱን ሞፈር ለመጨበጥ እጁ ለሰለሰ፤ ብዕሩንም የሚገዛው አጣ።

የትምህርት ቤቱ መድረክ

የኪነ ጥበብ ሰዎች ስለዚህ እርከን ሊዘነጉት የማይገባ ሌላ ጉዳይ አለ። የዘመናዊ ተውኔት ታሪካችን ከትምህርት ቤት ጋር የተሳሰረ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ተውኔቶቹንም ተማሪዎች ይጫወቱለት ነበር። ፀጋዬ ገብረ መድኅንም የመጀመሪያ ተውኔቱን የጻፈው በአምቦ ገና በልጅነት በሚማርበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአውራጃው የወላጆች በዓል ሲከበር መጋረጃው ከአንሶላ፣ ዘውዱ ከካርቶን እየተሠራ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች መድረክ ላይ ሲወጡ ታይተዋል። ቴአትር ቤት በሌለበት ከተማ የመጀመሪያው ቴአትር ቤት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ወላጁ ልጁ ንጉሥ ሆኖ ሲያዝዝ፣ ዳኛ ሆኖ ሲፈርድ በዓይኑ ያየው እዚያ ነው። የዚህን ዕድሜ ልጆች የሚሰበስብ ትምህርት ቤት ያጣ ከተማ ከወንበርና ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ይህንንም መድረክ ያጣ ነበር።

የ1966 ዓ.ም. ጥያቄ

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1964 ዓ.ም. ገደማ ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፣ በሕዝብ አጠራር “ሴክተር ሪቪው”፣ የመካከለኛውን እርከን ጉዳይ በጥብቅ ነካው። በጥናቱ ለሰፊው ሕዝብ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው እርከን ግን እድገቱ እንዲገደብ የሚያደርግ ሐሳብ ቀረበ። አጥኚዎቹ ያላቸው ምክንያት ቀላል አልነበረም፤ ባለው ገንዘብ ለሁሉም ጥቂት መስጠት ለጥቂቶች ብዙ ከመስጠት ይሻላል የሚል ነበር። ሕዝቡ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ተመለከተው። የድሃው ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ “ይበቃሃል” ሊባል፣ የባለጸጋው ልጅ ግን በገንዘቡ ወደ ላይ ሊዘልቅ ነው ብሎ ተረዳው። እንደ ጌጫ ላለ ስፍራ ይህ ማለት በስንት ድካም የሚደረስበት ሰባተኛ ክፍል ከነአካቴው ከዓይን ሊርቅ ነው ማለት ነበር።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም አብረዋቸው አደሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ፤ ማዕበሉ ግን አልቆመም። በዚያ ዓመት የተነሣው ሕዝባዊ ቁጣ ብዙ ምንጮች ነበሩት፤ አንደኛው ምንጭ ወላጅ ለልጁ ስለሚመኘው ክፍል የተነሣ ክርክር እንደ ነበረ ግን ሊረሳ አይገባም።

ሰፊው ሕዝብና ሰባተኛ ክፍል

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛወሩ፤ በኋላም ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ኮሚቴ እንዲተዳደሩ ታወጀ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተካሄደ። ከእነዚህ አንዱ ከፋ-ሞቻ የተባለው፣ ተቀራራቢ የሆኑትን ካፊኖኖንና ሸክኖኖን የሚያቅፈው ቋንቋ ነበር። በኢትዮጵያ ፊደል ታትሞ በቀረበው መጽሐፍ የሸካ እናቶችና አባቶች በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ ጀመሩ። የትምህርት ቤቱ አጥር ሳይቀበለው የኖረ ቋንቋ በዚህ መልክ በአዋቂዎች በኩል ወደ ጥቁር ሰሌዳው ደረሰ።

ማንበብ የቻለ ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት መላኩ አይቀርም። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በ1967 ዓ.ም. ከነበረው 957,300 በ1978 ዓ.ም. ወደ 2,450,000 ተጠጋ። ይህ ጎርፍ ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ሲቆለል ሰባተኛው ካልተከፈተ ጥፋት ነበር። ስለዚህ ገበሬ ማኅበራትና የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች እንጨት እየቆረጡ፣ ጭቃ እየለጠፉ፣ ለቆርቆሮ እያዋጡ በነበረው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ሁለት ሁለት ክፍል ቀጠሉ። የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በዚሁ ጊዜ ውስጥ ከ124,000 ወደ 363,000 አደገ። የትምህርት ቤቶቹም ቁጥር በሀገር አቀፍ ደረጃ በእጥፍ ገደማ ሲያድግ በጎጃም፣ በወለጋና በከፋ አራት እጥፍ ደረሰ። የደቡብ ምዕራቡ ቡና አብቃይ አገር በዚህ ረገድ ከቀዳሚዎቹ ተርታ መሰለፉ በኩራት ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ለብቻቸው የተሠሩ ሳይሆኑ ከአንደኛ ደረጃ ጋር የተጣበቁ ነበሩ። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል፤ ቤተ ሙከራም ሆነ ቤተ መጻሕፍት አልነበራቸውምና። ለገጠሩ ልጅ ግን በዋጋ የማይተመን ለውጥ ነበር። የአዲስ አበባው ልጅ ከ30 ዓመት በፊት እንዳደረገው ሁሉ እርሱም ግቢውን ብቻ አቋርጦ ሰባተኛ ክፍል መግባት ቻለ። ሴት ልጁን ለመላክ የሚፈራው አባትም አንድ ምክንያት አጣ።

ዘመኑ በጎውን ብቻ አላመጣም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ምክንያት ወጣቶች ከየትምህርት ቤቱ እየተለቀሙ ታሰሩ፣ ተገደሉ፤ ገና ጢማቸው ያላቀመቀመ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ የመከራው ሰለባ ሆኑ። በኋላም ጦርነቱ መምህሩንም ተማሪውንም እየጠራ ወሰደ። የክፍሎች መጨናነቅ፣ የፈረቃ ትምህርት፣ የመጽሐፍ እጦት የጥራቱን ደረጃ ዝቅ አደረጉት። ትምህርትን ከምርት ሥራ ጋር ለማስተሳሰር የታሰበው የስምንት ዓመት አጠቃላይ ፖሊቴክኒክ ትምህርት በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ከተሞከረ በኋላ ወደ መላ ሀገሪቱ ሳይስፋፋ ቀረ።

ስሙን ያጣው እርከን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አደረጃጀቱን ወደ ስምንት፣ ሁለትና ሁለት ለወጠው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የአንደኛ ደረጃ አካል ሆኑ፤ የስድስተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፤ የስምንተኛውም ለክልሎች ተሰጠ። በቋንቋ ረገድ የተወሰነው ውሳኔ ትልቅ ነበር። ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተፈቀደ፤ ካፊኖኖን ጨምሮ በርካታ የደቡብ ቋንቋዎችም በላቲን ፊደል ተጽፈው ወደ ክፍል ገቡ። ይሁንና በወቅቱ በነበረው የደቡብ ክልል በአብዛኛው ስፍራ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው ገና ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ነበር። የቋንቋው ድልድይ በሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ሻጋሪው ልጅ ይበልጥ ሕፃን ሆነ ማለት ነው።

ቁጥሩ አድጓል፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 26 ያህል ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ከ90 በላይ ሆነ። ይሁን እንጂ ስምንቱ ክፍሎች በአንድ ስም ተጠቅልለው ስለሚቆጠሩ መሀል ላይ ያለው መሳሳት ከዓይን ተሰወረ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለው ክፍል ሞልቶ ሲፈስ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ያለው እጅግ ያነሰ ነበር። የልጁ ጉልበት በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ለቤተሰቡ ገቢ የሚፈለግ በመሆኑ የትምህርት ዘመኑ ገና ሲጀመር ክፍሎች መሳሳታቸው በቡና አገር ላሉ መምህራን አዲስ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል አገሩ ራሱ ተለውጧል። በቦንጋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተቋቁሟል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ሥራ ጀመረ። ቀድሞ ለትምህርት ሲል እስከ ጎሬ ይጓዝ የነበረው የሸካ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲውን ቁልቁል ወርዶ ቴፒ ላይ ያገኘዋል። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረትም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉዳይ ለአካባቢው ይበልጥ ቀረበ።

ስሙ ሲመለስ

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የስድስት፣ የሁለትና የአራት ዓመት አደረጃጀትን መልሶ አመጣ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል “መካከለኛ ደረጃ” ተብለው እንደገና ራሳቸውን ቻሉ፤ የስድስተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናም ተመለሰ። በእርከኑ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል፤ የቴአትር፣ የሙዚቃና የሥዕል ትምህርትም ቦታ አግኝቷል። ከ60 ዓመት በፊት የተተከለው ቅርጽ ብዙ ዞሮ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው።

የተመለሰበት ጊዜ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች እንደ ቅደም ተከተላቸው ከመቶ 3.3 እና 3.2 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ሲገለጽ ወቀሳው ሁሉ በላይኛው ክፍል ላይ አረፈ። ነገር ግን 12ኛ ክፍል ላይ የወደቀ ልጅ መውደቅ የጀመረው ያኔ አይደለም። የማስተማሪያ ቋንቋው በተቀየረበት፣ መጽሐፍ ለአራት በሚታደልበት፣ የሒሳብ መምህር በጠፋበት የመካከለኛ ደረጃ ወንበር ላይ ነው እግሩ የከዳው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ መካከለኛው ደረጃ ከልጁ ቤት በራቀ ቁጥር ድሃውንና ልጃገረዷን አስቀድሞ ይጥላል። አዲሱን አደረጃጀት ተከትሎ ሰባተኛና ስምንተኛን ከአንደኛ ደረጃ ግቢ እያወጡ በከተማ ማከማቸት ገበሬ ማኅበራት በጭቃና በእንጨት ያቀረቡትን በር መልሶ ማራቅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቋንቋ የሚለወጥበት ዓመት ከሌሎቹ ዓመታት ሁሉ በላይ ጎበዝ መምህር የሚሻ ዓመት ነው፤ የተሻለውን መምህር ለላይኛው ክፍል፣ ጀማሪውን ለመካከለኛው መመደብ የቆየ ልማድ ስለሆነ ሊታረም ይገባል። ሦስተኛ፣ በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል የሚሰጠው ፈተና የልጁን ድካም የት ላይ መርዳት እንደሚገባ የሚያመለክት መሣሪያ ቢሆን ይጠቅማል፤ እንደ ጥንቱ ሚኒስትሪ ወንበር ስላነሰ ብቻ የሚቆረጥ ገደብ ከሆነ ግን 1966 ዓ.ም. ያስነሣውን ጥያቄ እንደገና ያስነሣል።

ካድሬው በስብሰባው፣ መምህሩ በክፍሉ፣ የኪነ ጥበብ ሰውም በመድረኩ ስለ ትምህርት ሲናገር ሁለቱን ጫፎች ብቻ ማንሣቱ አይበቃም። ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት ቁጥር ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂም ሁሉም እልል ይላል። በጌጫ ዙሪያ፣ መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሳይደርቅ አዲስ ደብተር ይዞ ወደ ሰባተኛ ክፍል የሚያመራው ልጅ ግን የሚያጨበጭብለት ሰው የለውም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ክፍል ስንቱ እንደሚወጣ፣ ከሚወጡትም ስንቶቹ ልጃገረዶች እንደሆኑ በየወረዳው ተቆጥሮ ለወላጅ በይፋ ቢነገር፣ የትምህርት ወገባችን መጠንከር አለመጠንከሩ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ በዚያ ቁጥር ይታወቃል።